ፕሮፎርማው ላይ የመሣሪያውን ስም ብቻ አትጻፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ መኪና መለዋወጫ ዋጋና ጥራት በየጊዜው ይጻፋል። መለዋወጫውን ስለሚፈታውና ስለሚያስረው የእጅ መሣሪያ ግን ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት ነገር ትዝ አይለኝም። ከተክለሃይማኖት ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ካሉት ጋራዦች በአንዱ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ጠዋት ለሜካኒኮቹ ቁልፍና ቡሶላ (እጀታ ላይ ተሰክቶ ብሎን የሚፈታውን ክብ ብረት)፣ ካቻቪቴና ፒንሳ አስፈርሜ አወጣለሁ፣ ማታ ቆጥሬ እረከባለሁ። የተሰነጠቀው፣ አፉ የተከፈተው፣ ጥርሱ ያለቀው ሁሉ በእኔ መዝገብ ያልፋል። ምትኩን የምገዛውም እኔ ነኝ። ሜካኒክ አይደለሁም፤ ቢሆንም መሣሪያ ጠባዩን ሲለውጥ ከሜካኒኩ ቀድሜ የማውቅበት ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም የሁሉም ሰው ብልሽት የሚሰበሰበው እኔ ጋ ነው።

ለዓመታት የተገለገልንበትን፣ ስሙን እዚህ የማልጠራውን አንድ የቡሶላ ሙሉ ሳጥን ዓምና ደግመን ገዛን። ሳጥኑ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ የተጻፈበት ስም ያው። ከአሮጌው ጎን ሳስቀምጠው ግን ሌላ ዕቃ ነው። የአሮጌው እጀታ ላይ የተሠራበት አገር ብረቱ ውስጥ ተቀርጿል። አዲሱ ላይ ብረቱ ባዶ ነው፤ የአገሩ ስም ያለው ከሳጥኑ ሥር በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ላይ ሲሆን እሱም ሌላ አገር ነው። የቡሶላዎቹ ግድግዳ ወፍሯል፣ ስለዚህ ጠባብ ቦታ ያለ ዳዶ ላይ አይገቡም። የአንዱን ቡሶላ ከሌላው እጀታ ጋር ብንገጥመው ይላወሳል። ብዙም ሳይቆይ ከሁሉ የበለጠ የምንጠቀምበት የ10 ቁጥሩ ተሰነጠቀ። ይዤው ወደ መርካቶ ተመለስኩ። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም፣ አልሸሸም። «እትዬ፣ ዕቃው እኮ ኦርጅናል ነው፤ ከፈለጉ የገባበትን ሰነድ ላሳይዎ» አለኝ። አሳየኝም። እውነቱን ነበር።

ሰው ከዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። መሣሪያ ሲከፋ «ፎርጅድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ፎርጅድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የሰው ስም ሰርቆ መሸጥ ነው፣ ሕግም ይከለክለዋል። እኔ የማወራው የስሙ ባለቤት ራሱ፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ለአንዱ ፋብሪካ ይሰጠው የነበረውን ትእዛዝ ለሌላ ፋብሪካ ስለሚሰጥበት አሠራር ነው። ይህን ሲያደርግ ሳጥኑን አይለውጥም፣ ለገዢው አያስታውቅም፣ ማስታወቅም ግዴታው አይመስለውም። የዕቃ ቁጥሩ እንኳ አንዳንድ ጊዜ እንደነበረ ይቀራል።

ብዙዎቻችን የመሣሪያ ስም ማለት ፋብሪካ ማለት ይመስለናል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ስለሚይዘው በእኛም ሜካኒኮች ዘንድ የሚታወቀውን ክራፍትስማንን ውሰዱ። በ1927 እ.ኤ.አ. የተመዘገበ የንግድ ስም ነው፤ ባለቤቱ ሲርስ የሚባል መደብር ነበር። መደብሩ ዕቃውን ሌሎች ፋብሪካዎች ዘንድ እያሠራ ስሙን ያስቀርጽበት ነበር። ለረጅም ዘመን ቡሶላውንና ቁልፉን ዳናኸር የተባለ ኩባንያ፣ ካቻቪቴውንና ፒንሳውን ደግሞ ኮሎራዶ የነበረው ዌስተርን ፎርጅ ይሠሩለት ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ዳናኸርና ኩፐር የመሣሪያ ሥራቸውን አዋህደው አፔክስ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። በእነዚያው ዓመታት አካባቢ ከክራፍትስማን ቡሶላዎችና ቁልፎች ብዙው ሥራ ወደ ቻይና ተዛወረ። በ2017 እ.ኤ.አ. ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ስሙን 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ገዛው። ሲርስ በዓመቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ኪሳራውን ይዞ ፍርድ ቤት ገባ፤ ዌስተርን ፎርጅ በ2020 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ስታንሊ በበኩሉ የክራፍትስማንን ቁልፎች እንደገና አሜሪካ ውስጥ እሠራለሁ ብሎ በ2019 እ.ኤ.አ. ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ ላይ 90 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ አዲስ ፋብሪካ እንደሚከፍት አስታወቀ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ይኸው ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተነገረ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንዱን ስም ለማጥላላት አይደለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ በሳጥኑ ላይ የነበረው ስም አንድ ብቻ መሆኑን እንድታስተውሉልኝ ነው። ከቦሌ ሻንጣ ይዞ የወጣ የአክስት ልጅ «ክራፍትስማን አመጣሁልህ» ሲል የየትኛውን ዘመን፣ የየትኛውን ፋብሪካ እንዳመጣ እሱም አያውቅም።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሎውስ የሚባለው የአሜሪካ መደብር በ1998 እ.ኤ.አ. ኮባልት የሚለውን ስም ሲጀምር ስናፕ ኦን በሚባለው የአሜሪካ መሣሪያ ሠሪ ሥር ያለው ዊሊያምስ ነበር የሚሠራለት፤ ኋላ ወደ ዳናኸር ዞረ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። የእኛ አባቶች የስዊድን ብረት እያሉ የሚያደንቁት ባኮ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካው ስናፕ ኦን ንብረት ነው፣ አንዳንድ ቁልፎቹም ላይ የተቀረጸው አገር ስፔን ነው። የፈረንሳዩ ፋኮም ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስታንሊ እጅ ነው። በአንጻሩ በጀርመን ቩፐርታል ከ1882 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ክኒፔክስ ፒንሳውን ዛሬም በራሱ ፋብሪካ ይሠራል። የራስ ፋብሪካ ያለውና ስሙን ብቻ የያዘው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ልዩነታቸውን የሚነግረን የለም።

እዚህ ላይ «ገባኝ፣ ቻይና የሚል ካየሁ አልገዛም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህም አያዋጣም። በእኔ መዝገብ ውስጥ ታይዋን የሚል የተቀረጸባቸውና አምስት ሰው ያፈራረቃቸው፣ እስካሁን አንድም ቅሬታ ያልቀረበባቸው ቁልፎች አሉ። የቻይና ፋብሪካም የታዘዘውንና የተከፈለውን ያህል ይሠራል፤ ጥሩ ክፈለው፣ ጥሩ ይሠራል። ጥራቱን የሚወስነው ስሙን የያዘው ነጋዴ «በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ልክ ሥራልኝ» ብሎ የሚፈርመው ውል ነው። አገሩን ማወቅ የሚጠቅመን ዕቃው መለወጡን ስለሚነግረን ነው። ትናንት አንድ አገር፣ ዛሬ ሌላ አገር ከተጻፈበት፣ ስሙ ያው ቢሆንም እንደ አዲስ ዕቃ ቆጥረን መፈተን አለብን።

መሣሪያው ላይ የሚቀረጸው «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍም ብዙ ሰው ያታልላል። የብረቱን ዓይነት ይናገራል እንጂ አሠራሩን አይናገርም። ቁልፍ ከተቀጠቀጠ በኋላ ግሎ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፣ በዚህ ጊዜ ይጠነክራል፤ እንደዚያው ቢተው ግን ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ይሞቃል፣ ድርቀቱም ይለዝባል። የዚህ ሁለተኛው ሙቀት ልክ ከተዛባ ወይ ቁልፉ ለስልሶ አፉ ይከፈትና የብሎኑን ጭንቅላት ያንሸራትታል፣ ወይ ደርቆ እጅ ላይ ይሰበራል። ሁለቱም ቁልፎች ላይ ግን «ክሮም ቫናዲየም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ፋብሪካ ሲለወጥ የሚለወጠው ዓይን የማያየው ይኸኛው ነገር ነው። ኒኬልና ክሮሙ እንደ መስታወት ማብረቁ ስለ ውስጡ ምንም አይነግረንም።

ለገዢው የሚያስከትለው ነገር ከመሰበርም ያልፋል። አንደኛ የጥገናው ነገር አለ። የቡሶላ እጀታው ራስ ውስጥ ያለችው ጥርስና ስፕሪንግ ስታልቅ፣ ደህና ኩባንያ የውስጡን ዕቃ ለብቻው ይሸጥ ነበር። ሠሪው ሲለወጥ የውስጡ ንድፍም ይለወጣል፣ አሮጌው ለአዲሱ፣ አዲሱም ለአሮጌው አይሆንም። እኛ ቶርኖ ቤት ወስደን እናስቀርጻለን፤ ያም የሚሆነው ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ ስላለን ነው። ቀጥሎ የዋስትናው ነገር። ሳጥኑ ላይ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ይላል። ሲርስ በደህናው ዘመን የተሰበረ የክራፍትስማን ቁልፍ ይዞ ለሄደ ሰው ደረሰኝ ሳይጠይቅ ሌላ ይሰጥ ነበር፤ ያ ዋስትና የሚሠራው መደብሩ በየከተማው ስለነበረ ነው። አዲስ አበባ ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይዤ የማንን በር ላንኳኳ? የስሙን ባለቤት እንኳ የሚወክል ሰው በማይታወቅበት ገበያ ያ ጽሑፍ ጌጥ ነው።

የኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየጋራዡ የኤሌክትሪክ መኪና መታየት ጀምሯል። የባትሪያቸው ኃይል ብዙ መቶ ቮልት ነው። ልጆቹ ቀይና ቢጫ እጀታ ያለው ካቻቪቴ ሲያገኙ «ኢንሱሌትድ ነው» ይላሉ። የእጀታ ቀለም ማንም ይቀባዋል። መፈለግ ያለበት አይኢሲ 60900 የሚለው የደረጃ ቁጥርና ከጎኑ ያለው የሁለት ሦስት ማዕዘን ምልክት ከ1000 ቮልት ጽሑፍ ጋር ነው። በዚህ ደረጃ የሚሠራ መሣሪያ እያንዳንዱ በ10,000 ቮልት ተፈትኖ ነው የሚወጣው። እኔ መሣሪያ ክፍል ይህ ምልክት የሌለው ካቻቪቴ ለኤሌክትሪክ መኪና ሥራ አይወጣም። አንዳንዱ ሜካኒክ ያኮርፋል። ያኩርፍ።

ድሮ ይህን ሁሉ ጣጣ ሻጩ ይሸከምልን ነበር። ፒያሳ የነበሩት አሮጌ ሱቆች ውስጥ ከአባቱ የወረሰ ነጋዴ «የዚህኛው አዲሱ አልተመቸኝም፣ ያለፈው ዓመት የገባው ከመጋዘን ጥቂት ቀርቶኛል፣ እሱን ላምጣልሽ» ይል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲነሣ እነዚያ ሰዎች ተበተኑ፤ ከፊሎቹን ስልካቸውንም አጣሁት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲተው ደግሞ ዋጋው ሁሉ ተናወጠ፣ አስመጪውም ረከስ ወዳለው ማዘንበሉ አይቀርም፣ አልፈርድበትም። አሁን ሶማሌ ተራና መርካቶ ውስጥ የምናገኘው ወጣት ሻጭ ትጉህ ነው፣ ዕቃውን ግን የሚያውቀው በሳጥኑ ቀለምና በዋጋው ነው። ቶታልና ኢንግኮ የሚባሉት የመሣሪያ ስሞች ሲገቡ የለመድናቸው ባጭር ጊዜ ነው፤ እነሱ ቢያንስ አዲስ ናቸው፣ አሮጌ ዝና ተበድረው አልመጡም። የሚያስቸግረኝ የሃያና የሠላሳ ዓመት እምነት የተከማቸበት ስም ነው።

ይገርመኛል፣ ጤፍ ስንገዛ «የአድአ ነው ወይስ የጎጃም?» ብለን ዘግነን፣ አይተን፣ አሽትተን ነው። ከጤፉ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ የመሣሪያ ሳጥን ግን እንደታሸገ ተሸክመን እንወጣለን።

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ በዕቃው ላይ የሚለጠፈው መግለጫም የተሠራበትን አገር እንዲያካትት ይፈልጋል። ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅም ይቻላል። ይህ ሁሉ እያለ ከየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ደረሰኙ ላይ ራሱ ታትሞ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ለዚያች ለ10 ቁጥር ቡሶላ ምትክ ያገኘሁት ደረሰኙን ከነቀኑ ስለያዝኩና 15 ቀኑ ስላላለፈ ነው። ያለ ደረሰኝ ትንሽ ቀነስ አድርጎ የሚሸጥላችሁ ሰው ያንን መብት ነው ቀንሶ የሚያስቀርባችሁ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ግለሰብ አንድ ቁልፍ ሲገዛ ዓይቶ መምረጥ ይችላል። መሥሪያ ቤት ግን የሚገዛው በወረቀት ነው። ከትምህርት ቤት፣ ከድርጅት፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወጡ የመሣሪያ ግዢ ጥያቄዎች አልፎ አልፎ በእጄ ይገባሉ። «የቡሶላ ሳጥን፣ ባለ ይህን ያህል ፍሬ» ይልና የአንድ ታዋቂ ስም ጠርቶ «ወይም ተመጣጣኝ» ብሎ ይዘጋል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ትንሹ ዋጋ ያሸንፋል። «ተመጣጣኝ» መሆኑን የሚለካው ማነው? በምን? የተጠቀሰው ስም ራሱ ዘንድሮ ከአምናው ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን ማን አረጋገጠ? የግዢ ኮሚቴው ስሙ ሳጥኑ ላይ መኖሩን አይቶ ይፈርማል፤ ዕቃው የሚደርሰው ደግሞ ተግባረ ዕድን በመሰለ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራ የሚለማመድ ልጅ እጅ ላይ ነው። ልጁ ብሎን ባበላሸ ቁጥር እጁን ይወቅሳል፣ መምህሩም ይወቅሰዋል።

እኛ ጋራዥ ከዚያች ቡሶላ ወዲህ የግዢ ወረቀታችንን ለውጠነዋል። ስም እንጽፋለን፣ ግን በስም አናቆምም። ቡሶላ ከሆነ እጀታው የሚገባበት አራት ማዕዘን የሩብ፣ የሦስት ስምንተኛ ወይስ የግማሽ ኢንች መሆኑንና አይኤስኦ 1174 የሚለውን የዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር እናስቀምጣለን፤ አንድ ወገኑ ክፍት አንድ ወገኑ ቀለበት ለሆነ ቁልፍ ዲአይኤን 3113 የሚለውን የጀርመን ደረጃ ቁጥር እንጽፋለን። የተሠራበት አገር ብረቱ ላይ የተቀረጸ እንዲሆንና በፕሮፎርማው ላይም እንዲጻፍ እንጠይቃለን። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ቀላሉ ነገር ነው፦ «ከክፍያ በፊት ሳጥኑ ተከፍቶ ከነባር መሣሪያ ጋር ይመሳከራል» የምትል አንዲት መስመር። መርካቶ ስሄድ ከቦርሳዬ አሮጌውን እጀታና ጥቂት አዳዲስ ብሎኖች አወጣለሁ። ቡሶላው እጀታው ላይ ሲገባ እጀታው ላይ ያለችው ትንሿ የብረት ኳስ ጠቅ ብላ መያዝ አለባት፣ ቁልፉ ብሎኑ ላይ ሲገባ መወዛወዝ የለበትም፣ የውስጡ ጠርዝ ሸካራ መሆን የለበትም። አንዳንዱ ሻጭ መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር። አሁን ሳጥኑን ራሱ ከፍቶ ይጠብቀኛል። ይህን ያህል ማጣራት አልፈልግም የሚል ሻጭ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ከእሱ አልገዛሁም፣ ከሱቁ ስወጣም አልተከፋሁም።

አስመጪዎችን የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ዕቃው የሚመጣበት ፋብሪካ ወይም አገር ሲለወጥ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የሚከፍሉበት ሰነድ ላይ ተጽፎላቸዋል። ለጅምላ ነጋዴዎቻቸው በአንድ ገጽ ወረቀት «ከዚህ ጭነት ጀምሮ ይህ ዕቃ የሚመጣው ከዚህ አገር ነው» ብለው ቢያስታውቁ ምን ይጎዳቸዋል? የተለወጠው ወደ ተሻለ ከሆነም ለገበያቸው ይጠቅማል። የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴርም ለዘይትና ለስኳር የሚያደርገውን ቁጥጥር ያህል እንኳ ባይሆን፣ የአገሩ ስም ከሳጥኑ ሥር በሚላጥ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ማድረግ ይችላል።

የመሣሪያ አስመጪዎች፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤቶች የግዢ ዝርዝር የምታዘጋጁ ሰዎች፣ በዚህ ላይ የምትሉት ካለ በዚሁ ገጽ ባነበው ደስ ይለኛል። በተለይ አስመጪዎች «ማስታወቅ አንችልም» የምትሉበት ምክንያት ካላችሁ እሱን መስማት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የአንድ ጋራዥ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)
ከተክለሃይማኖት አካባቢ፣ አዲስ አበባ